ፍሳሽ፣ መንግሥትና የግል ባለሀብት በፖቶማክ ዳርቻ

የዋሽንግተን ከተማ የመጀመሪያዎቹ የመሬት ውስጥ ቦዮች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲቀበሩ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ዓላማቸው ጎርፍን ከመንገድ ማውረድ ነበር። የሽንት ቤት ጉዳይ የየቤቱ ባለቤት ጉዳይ ነበር፤ በጓሮው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሲሞላ ያስጠርጋል ወይም ሌላ ይቆፍራል። ይህን ልማድ የለወጠው የቧንቧ ውኃ ነው። መሐንዲሱ ሞንትጎመሪ ሜግስ ከ1853 ጀምሮ ያስገነባው መስመር የፖቶማክን ውኃ ወደ ከተማዋ ሲያስገባ፣ ቤት የገባው ውኃ መውጫ አስፈለገው፤ መውጫውም ያው የጎርፉ ቦይ ሆነ። ዛሬ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና በሚባለው መስመር ያልፍ የነበረው የከተማዋ የጀልባ ቦይና የቲበር ጅረት ከፕሬዚዳንቱ መኖሪያ አጠገብ ክፍት የፍሳሽ መውረጃ ሆነው ከረሙ።

በ1871 የተቋቋመው የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ ይህን ለማስተካከል ተነሣ። ቦርዱን በተግባር የመራው “አለቃው” እየተባለ የሚጠራው አሌክሳንደር ሼፐርድ ነው። ሼፐርድ በሦስት ዓመት ውስጥ 80 ማይል ገደማ፣ ማለትም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ አስቀበረ፤ ጅረቶቹን ከነክርፋታቸው ከመንገድ በታች አደረጋቸው። ሰውዬው ራሱ የቧንቧ ሥራ ድርጅትና የሚሸጡ ቤቶች ባለቤት ነበር። ሥራው እሱና ወዳጆቹ መሬት ወዳላቸው ሰፈሮች ያደላል የሚለው ክስ አልተለየውም፤ ከተማዋም በዕዳ ተዘፍቃ በ1874 ኮንግረስ የራሷን አስተዳደር ሻረባት። በችኮላ ከተቀበሩት ቦዮች ብዙዎቹ ደግሞ ደካማ ነበሩ። በዚህ አካባቢ የመንግሥት ገንዘብና የግል ጥቅም በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ያኔ ግን ውልም፣ ተቆጣጣሪም፣ “አጋርነት” የሚል ስምም አልነበረውም።

ቀጣዩ እርምጃ በጥናት የተደገፈ ነበር። በ1890 ሩዶልፍ ኸሪንግ፣ ሳሙኤል ግሬይና ፍሬደሪክ ስተርንስ የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች ያቀረቡት ዘገባ ሁለት ነገር ወሰነ። በአሮጌው ከተማ ጎርፍና ፍሳሽ በአንድ ቦይ መሄዳቸውን ይቀጥሉ፣ በአዲሶቹ ሰፈሮች ግን ይለያዩ የሚለው አንዱ ነው። ሁለተኛው ፍሳሹ ሁሉ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወዳለው ብሉ ፕሌንስ ወደሚባል ስፍራ ተገፍቶ እዚያ ወደ ፖቶማክ ይለቀቅ የሚል ነበር። የመጀመሪያው ውሳኔ ርካሽና ለጊዜው ትክክል ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስወጥቷል። ቦዩ አንድ ከሆነ ዝናብ በበረታ ቁጥር ሞልቶ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይገነፍላል። እስከ ዛሬ የከተማዋ አንድ ሦስተኛ የሚገለገለው በዚሁ ድርብ አገልግሎት በሚሰጥ ቦይ ነው።

ከከተማዋ ድንበር ባሻገር፣ በሜሪላንድ በኩል፣ ነገሩን የጀመረው የግል ባለሀብት ነው። የትራም ሐዲድ ወደ ገጠር ሲዘረጋ እርሻ እየገዙ መንደር የሚቆረቁሩ ኩባንያዎች ተነሡ። ኋላ የኔቫዳ ሴናተር የሆነው ፍራንሲስ ኒውላንድስ የመራውና በ1890 የተቋቋመው የቼቪ ቼዝ የመሬት ኩባንያ ሐዲዱንም፣ ውኃውንም፣ የፍሳሽ መስመሩንም ራሱ አዘጋጀ፤ ያለ እነሱ ቦታው አይሸጥለትም። አቅም ያነሳቸው አልሚዎች ግን ቱቦውን እስከ ቅርቡ ጅረት አድርሰው ይተዉት ነበር። ጅረቶቹ ደግሞ የሚወርዱት ወደ ዋሽንግተን ነው። ስለዚህ በሜሪላንድ የተሸጠው ቦታ ትርፉ ለሻጩ፣ ክርፋቱ ለዋና ከተማዋ ሆነ።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በ1918 የዋሽንግተን ሰበርባን ሳኒተሪ ኮሚሽንን ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ኮሚሽኑ የሞንትጎመሪንና የፕሪንስ ጆርጅስን ካውንቲዎች ውኃና ፍሳሽ አንድ ላይ እንዲይዝ ሥልጣን ተሰጠው፤ የግል ኩባንያዎቹንና የትንንሽ መንደሮቹን መስመሮች እየገዛ ጠቀለለ። ከመሥራቾቹ አንዱ የፕሪንስ ጆርጅስ ሰው ቲ. ሃዋርድ ደኬት ሲሆን፣ ዋና መሐንዲሱ ሮበርት ሞርስ ነበር። በ1930ዎቹ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በርንት ሚልስ በሚባል ስፍራ የተሠራው የውኃ ማጣሪያ በዚሁ መሐንዲስ ስም ተሰይሟል። ኮሚሽኑ ዛሬ ወደ 1000 ካሬ ማይል በሚጠጋ አገር ውስጥ 1.9 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ያገለግላል።

የኮሚሽኑ ገንዘብ የተገኘበት ዘዴ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኮሚሽኑ ቦንድ ሸጦ መስመር ይዘረጋል፤ ዕዳውን ደግሞ ቦታው ወደ መንገድ በሚያሳየው ፊት ስፋት ልክ በየዓመቱ ከባለቤቱ በሚሰበስበው ክፍያ ይመልሳል። ለባለ ይዞታው ከባድ አልነበረም፤ ቱቦ የደረሰበት መሬት ዋጋው ወዲያው ይጨምራልና። ይህን በደንብ ከተረዱት አንዱ ብሩክ ሊ ነው። ሊ የሲልቨር ስፕሪንግን መሬት ከፋፍሎ የሚሸጥ ነጋዴም፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የካውንቲውን ፖለቲካ የሚዘውር ሰውም ነበር። የሲልቨር ስፕሪንግ ስም የመጣው ቅድመ አያቱ ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር በ1840 ካገኘው፣ ማይካ እያብለጨለጨ ከሚፈልቅ ምንጭ ነው። የልጅ ልጁ ልጅ በሸጣቸው ሰፈሮች የቤት ውል ላይ ግን ጥቁሮች እንዳይገዙና እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ ነበር። እዚያው አጠገብ ያለው የጥቁሮች መንደር ሊተንስቪል በ1853 የተቆረቆረ ሆኖ ሳለ፣ ሌላው ሰፈር ቧንቧና አስፋልት ካገኘ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው አገልግሎቱ የደረሰው። የሕዝብ ተቋም መሆን ብቻውን ቱቦውን እኩል አላደረሰም፤ ቱቦው የተከተለው መሬት የሚሸጠውን ሰው ነው።

በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በአዳዲስ መንደሮች መስመሩን የሚዘረጋው አልሚው ራሱ ሆነ፤ ሠርቶ ለኮሚሽኑ ያስረክባል፣ ወጪውን ግን ከቤት ገዢዎች ለረጅም ዓመታት በየዓመቱ ያስከፍላል። በሜሪላንድ አዲስ ቤት ገዝቶ ከቤት ዕዳው ጎን ከማያውቀው ድርጅት የውኃና ፍሳሽ መስመር ክፍያ ደብዳቤ የደረሰው ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ያ ደብዳቤ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው።

በቨርጂኒያ በኩል ያለችው አሌክሳንድሪያ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። በ1749 የተቆረቆረችው ይህች የወደብ ከተማ እስከ 1847 የዋና ከተማዋ ግዛት አካል ነበረች፤ አሮጌዎቹ ቦዮቿም እንደ ዋሽንግተን ጎርፍንና ፍሳሽን አብረው ይወስዳሉ። ለረጅም ዘመን ያልተጣራው ፍሳሽ የሚወርደው በቀጥታ ወደ ፖቶማክና ወደ ሀንቲንግ ክሪክ ነበር። ቨርጂኒያ ከተሞች ራሱን የቻለ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን እንዲያቋቁሙ በፈቀደች ማግሥት፣ በ1952 የከተማዋ ምክር ቤት የአሌክሳንድሪያ ሳኒቴሽን ባለሥልጣንን መሠረተ፤ ማጣሪያ ጣቢያውም በ1956 ሥራ ጀመረ። ባለሥልጣኑ ከከተማው በጀት ተለይቶ ራሱ ቦንድ መሸጥ፣ ራሱ ታሪፍ ማውጣት ይችላል። ከጣቢያው አቅም 60 በመቶው የጎረቤቱ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ስሙ በ2012 አሌክሳንድሪያ ሪኒው፣ በአጭሩ አሌክስሪኒው ተብሏል።

ብሉ ፕሌንስ ላይ የመጀመሪያው ማጣሪያ የተከፈተው በ1938 ነው። ሥራው ዝቃጩን አስቀምጦ የጠለለውን መልቀቅ ነበር። በ1959 ባክቴሪያ ቆሻሻውን እንዲበላው የሚደረግበት ሁለተኛ ደረጃ ተጨመረ። የደለስ አየር ማረፊያ ሲታቀድ ኮንግረስ በ1960 በፈቀደው ገንዘብ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ታላቅ ቱቦ በፖቶማክ ዳር ተዘረጋ፤ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ዳርቻዎች ፍሳሽም ወደ ብሉ ፕሌንስ ጎረፈ። ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ተጫነ። ወንዙ በበጋ አረንጓዴ አረፋ ይለብስ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ፖቶማክን የአገር ውርደት አሉት፤ በ1971 ዋሽንግተን በወንዞቿ ውስጥ መዋኘትን ከለከለች።

ችግሩ ሲልቨር ስፕሪንግን የነካት በግንባታ በኩል ነው። ማጣሪያው ሞልቷልና ከ1970 ጀምሮ በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ሰፊ ክፍሎች አዲስ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ታገደ። የአልሚው ገንዘብ ሁሉ ብሉ ፕሌንስ ላይ በሚሠራ ገንዳ ላይ ተንጠለጠለ። እገዳው ብዙ ዓመት ፈጀ፤ አካባቢውን አንድ ነገር አስተማረው፤ የቤት ግንባታና የፍሳሽ ማጣሪያ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ማን ምን ያህል ይልካል፣ ማን ምን ያህል ይከፍላል የሚለው በ1985 በተፈረመ የጋራ ስምምነት ተቆረጠ። ከጣቢያው የቀን አቅም 370 ሚሊዮን ጋሎን ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ 170 ሚሊዮን ያህሉ፣ የሜሪላንዱ ኮሚሽን ነው። ይህ አቅም በቀን 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ ለማነጻጸር ያህል የአዲስ አበባው አዲሱ የቃሊቲ ማጣሪያ የተነደፈው በቀን ለ100,000 ሜትር ኩብ ነው።

ከተጣራው ውኃ የባሰው የዝቃጩ ጉዳይ ነበር። በየቀኑ በብዙ መቶ ቶን የሚወጣውን ዝቃጭ የት ይጥሉታል? ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው ቤልትስቪል የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ዝቃጭን ከእንጨት ስባሪ ጋር ቆልለው፣ ከሥሩ አየር እየነፉ ወደ ማዳበሪያነት የሚቀይሩበትን ዘዴ አገኙ፤ ዘዴው በዓለም በቤልትስቪል ስም ይጠራል። በሲልቨር ስፕሪንግ ምሥራቅ ጫፍም ሳይት ቱ የተባለ የማዳበሪያ ማዘጋጃ በ1983 ተከፍቶ የብሉ ፕሌንስን ዝቃጭ ተቀበለ። ሽታው ግን ነዋሪውን አስመረረ፤ ጣቢያው በ1999 ተዘጋ። 115 ኤከሩን፣ ማለትም 46 ሄክታር ገደማውን ቦታ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ወሰደና አጠገቡ መሬት ካለው ፐርኮንቲ ከሚባል የግል ኩባንያ ጋር የምርምርና የመኖሪያ ከተማ ለመሥራት ተዋዋለ። አጋርነት በሚለው ቃል ሙሉ ትርጉም ካውንቲው መሬት፣ ኩባንያው መሬትና ሥራ ያዋጡ ነበር። ዕቅዱ ስሙን ደጋግሞ ቀየረ፣ ዓመታት አለፉ፣ መሬቱ ግን ሜዳ ሆኖ ቆየ። ለግሉ አጋር ጊዜ ጥቅም ሲሆን ለሕዝቡ ኪሳራ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው አይገኝም።

አገር አቀፉ ሁኔታ በዚህ መካከል ተለውጧል። በ1972 የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ ከማጣሪያ ግንባታ ወጪ 75 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት በእርዳታ እንዲሸፍን አድርጎ ነበር። በ1981 ድርሻው ወደ 55 በመቶ እንዲወርድ ተወሰነ፤ በ1987 እርዳታው በብድር ፈንድ እንዲተካ ተደረገ። ከተሞች ገንዘብ ሲያጡ ኩባንያዎች በሩን አንኳኩ። በ1992 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ በፌዴራል እርዳታ የተሠሩ ጣቢያዎችን ወደ ግል ማዛወር የሚያቀልል ትእዛዝ ፈረሙ፤ በ1997 ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ እስከ 20 ዓመት የሚደርስ የማንቀሳቀስ ውል ፈቀደ። ኢንዲያናፖሊስ በ1994 ማጣሪያዎቿን ለግል ድርጅት እንዲያስተዳድር ሰጠች፤ የኦሃዮዋ ፍራንክሊን በ1995 ጣቢያዋን ጭራሽ ሸጠች፤ ሚልዋኪ በ1998 ተከተለች።

ዋሽንግተን ግን አልተከተለችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማዋ ራሷ ከስራ ነበር፤ ከፍሳሽ ክፍያ የተሰበሰበ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ መዋሉን የዳርቻ ካውንቲዎች በምሬት ይከሱ ነበር። መሸጥ ቢፈለግ ምክንያት አልጠፋም። መልሱ ግን በ1996 ራሱን የቻለ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ማቋቋም ሆነ። ከ11 የቦርድ አባላቱ 6ቱ የከተማዋ፣ 5ቱ የሞንትጎመሪ፣ የፕሪንስ ጆርጅስና የፌርፋክስ ናቸው። ከ2010 ወዲህ ዲሲ ዋተር ይባላል። ያልተሸጠበት ምክንያት ብዙም የሚያከራክር አይደለም፦ በርካታ አስተዳደሮች በጋራ የሚገለገሉበትን ጣቢያ አንዱ ብቻውን አይሸጥም፤ ከግብር ነፃ በሆነ የሕዝብ ቦንድ የሚገኘው ገንዘብም ኩባንያ ከሚያመጣው ገንዘብ ይረክሳል።

የግሉ ዘርፍ የገባው በሌላ በር ነው፤ በግንባታ ስጋትና በጊዜ ገደብ በር። ዲሲ ዋተር ከፌዴራል መንግሥት ጋር በ2005 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ገንፋዩን ፍሳሽ ለማስቆም ተገደደ፤ ወጪው 2.6 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። መፍትሔው ከ100 ጫማ በታች የተቆፈሩ፣ ዲያሜትራቸው 23 ጫማ የሆኑ ዋሻዎች ናቸው፤ የዝናብ ቀን ፍሳሽ እዚያ ተጠራቅሞ ቀስ በቀስ ወደ ብሉ ፕሌንስ ይሄዳል። ባለሥልጣኑ ንድፉንና ግንባታውን ለየብቻ ከማጫረት ይልቅ ሁለቱንም ለአንድ ተቋራጭ ቡድን ሰጠ። በዚህ ውል ንድፍ አውጪና ገንቢ እርስ በርስ መካሰስ አይችሉም፤ ስሕተቱም ትርፉም የአንድ ቡድን ነው። የአናኮስቲያ ዋሻ የመጀመሪያ ክፍል በ2018፣ የሰሜን ምሥራቁ ክፍል በ2023 ሥራ ጀመሩ። የመጨረሻውን የቆፈረው ቡድን መሪ ግልገል ጊቤ 3ን እና የህዳሴውን ግድብ የገነባው የጣልያኑ ሳሊኒ ኢምፕሬጂሎ ነው። በአናኮስቲያ የሚገነፍለውን ፍሳሽ በ98 በመቶ ለመቀነስ የተነደፈው ይህ ሥራ ሲያልቅ ንብረቱ ሙሉ በሙሉ የዲሲ ዋተር ሆነ።

በብሉ ፕሌንስም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ2015 የተመረቀው የዝቃጭ ማብሰያ የኖርዌዩን የካምቢን ዘዴ ይጠቀማል፤ ዝቃጩ በእንፋሎት ግፊት ተቀቅሎ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ 10 ሜጋዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የኃይል ማመንጫውን ክፍል የሠራውና የማንቀሳቀስ ውል የያዘው ፔፕኮ ኢነርጂ ሰርቪስስ የተባለ የግል ድርጅት ነው። የተረፈው ዝቃጭ ብሉም በሚል ስም ለአትክልተኛ ይሸጣል፤ የሳይት ቱ ጎረቤቶች ከ20 ዓመት በፊት ቢያገኙት የሚመርጡት ውጤት ነው።

የገንዘቡ አሠራርም አዲስ መልክ ያዘ። በ2014 ዲሲ ዋተር ለ100 ዓመት የሚቆይ የ350 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ ዋሻው ለልጅ ልጆች ስለሚያገለግል እነሱም ይክፈሉ በሚል ስሌት። በ2016 የተሸጠው የ25 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ግን ከዚያ ይለያል። ገዢዎቹ የጎልድማን ሳክስ አንድ ክፍልና ካልቨርት ፋውንዴሽን ነበሩ። ገንዘቡ የዋለው በሮክ ክሪክ ተፋሰስ ጎርፍን በአፈርና በአትክልት ለሚይዙ የመንገድ ዳር ሥራዎች ሲሆን፣ ውሉ እንዲህ ይል ነበር፦ ጎርፉ ከ41.3 በመቶ በላይ ከቀነሰ ዲሲ ዋተር ለባለሀብቶቹ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ይጨምራል፤ ከ18.6 በመቶ በታች ከሆነ ባለሀብቶቹ ያንኑ ያህል ለዲሲ ዋተር ይከፍላሉ። በ2021 ሲለካ 20 በመቶ ገደማ ሆነ፤ ማንም ለማንም አልከፈለም። ከሁሉም ውሎች ስጋት በእውነት የተከፋፈለበት ይኸኛው ነው፤ ገንዘቡ ግን ከዋሻዎቹ ሲነጻጸር የጠብታ ያህል ነበር።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፉት ስላይጎ ክሪክና ኖርዝዌስት ብራንች ወደ አናኮስቲያ ከመግባታቸው በፊት የሚያቋርጡት የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በ2015 ኮርቪያስ ከተባለ ኩባንያ ጋር የ30 ዓመት ውል ገባ። የመጀመሪያው ዙር 2000 ኤከር፣ ማለትም 800 ሄክታር ያህል አስፋልትና ጣሪያ የሚያወርደውን ጎርፍ ማጣራት ነበር። ኩባንያው ይነድፋል፣ ያሠራል፣ ይጠግናል፤ ከሥራው ከፍ ያለ ድርሻ ለካውንቲው ትንንሽ ድርጅቶች እንዲሰጥም ውሉ ያስገድደዋል። ከአካባቢው ውሎች ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍት ለሚገለጸው የመንግሥትና የግል አጋርነት የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ጉዳዩ ግን የጎርፍ እንጂ የሽንት ቤት ፍሳሽ አይደለም።

አሌክሳንድሪያ የመጨረሻዋ ተረኛ ሆነች። በአሮጌው ከተማ 540 ኤከር መሬት ፍሳሹ ከጎርፍ ጋር ተቀላቅሎ በፔንድልተን፣ በሮያልና በዱክ ጎዳናዎች እንዲሁም በሁፍስ ራን ባሉ አራት መውጫዎች ይገነፍል ነበር። ከተማዋ ቀስ ብላ ለማስተካከል ስታቅድ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ2017 እስከ ጁላይ 1 ቀን 2025 ይለቅ የሚል ሕግ አወጣ። በ2018 መውጫዎቹ ከከተማዋ ወደ አሌክስሪኒው ተዛወሩ። ቨርጂኒያ ከ2002 ጀምሮ የግል ኩባንያ የሕዝብ አገልግሎት ግንባታ እንዲገባ የሚፈቅድ ሕግ አላት፤ አሌክስሪኒው ግን የመረጠው ባለቤትነቱን በእጁ ይዞ በ454 ሚሊዮን ዶላር ቁርጥ ዋጋ ንድፉንም ግንባታውንም ለትሬይለር ሺ ጥምር ድርጅት መስጠት ነው። በ2021 ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 321 ሚሊዮን ዶላር በዝቅተኛ ወለድ ተበደረ። በቺካጎዋ የአካባቢ ፍትሕ ታጋይ ሄዘል ጆንሰን ስም የተሰየመችው መቆፈሪያ ማሽን ከ2 ማይል በላይ የሚረዝመውን ዋሻ በ2024 ጨረሰች። ቀሪው ሥራ በመዘግየቱ የጊዜ ገደቡ ወደ 2026 ተገፋ።

ኢትዮጵያ በ2018 የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076ን ስታወጣ ለፍሳሽ ሥራም በሩ ተከፍቷል። የዋሽንግተንን አካባቢ ለምሳሌነት የሚያነሣ ሰው ልብ ማለት ያለበት አንድ ነገር አለ። ብሉ ፕሌንስም፣ የአሌክሳንድሪያው ጣቢያም፣ የሜሪላንዱ ኮሚሽን ጣቢያዎችም እስከ ዛሬ የሕዝብ ንብረት ናቸው፤ ኩባንያዎቹ የሸጡት ፍጥነትና ሙያ ነው፤ የዋሻውም፣ የቦንዱም፣ የወለዱም ዋጋ የሚሰበሰበው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የውኃ ሂሳብ ነው።